ነጥብ አርባ ሰባት

መስከረም 14 ቀን 2006፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠኝ ዶክተር ሙርተዳ ነው። ገጾቹ በትንንሽ ካሬ የተሰመሩ ናቸው፤ ለልኬት እንጂ ለወሬ የተሠራ ደብተር አይደለም። «የምታየውን ጻፍበት» አለኝ። እኔ ግን የማየውን ለእሱ በቃል ነግሬ፣ የማልነግረውን እዚህ ልጽፍ አስቤያለሁ።

ሥራችን እንዲህ ነው። ከሳዑዲዋ አቡ ዓሪሽ ከተማ ተነስቶ ወደ አል-ኹባ መንደሮች የሚዘልቅ አዲስ መንገድ ሊሠራ ነው። መሀል ላይ ያለው ወንዝ ድልድይ ይገባለታል። ወንዝ ያልኩት ለወጉ ነው፤ በዓመት ጥቂት ቀን ጎርፍ ካልመጣበት በቀር አሸዋ ነው። ዶዘር ከመግባቱ በፊት መሬቱ ላይ የጥንት ነገር አለመኖሩ መታየት አለበት ይላል ሕጉ። የሚያየው ዶክተር ሙርተዳ ነው፤ ሱዳናዊ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ። የእሱ ዓይን ደግሞ እኔና አወል ነን። አሥር አሥር ሜትር ተራርቀን፣ አንገታችንን ደፍተን እንሄዳለን። ሸክላ ወይም የተጠረበ ድንጋይ ስናይ ትንሽ ባንዲራ እንተክላለን፤ እሱ መጥቶ ፎቶ ያነሳዋል፣ ይለካዋል፣ «ነጥብ ይህን ያህል» ብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። በአገሬ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ጨዋ ይባላል፤ እዚህ ለዚሁ ቀጠሩኝ።

ደላንታ እያለሁ ለመሬት ልኬት ሜትር እይዝ ነበር። ይህን ለዶክተሩ ስነግረው «እንግዲያው ባልደረቦች ነና!» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ይህችን ቃል ሳላምጣት ሰነበትኩ። እኔም አወልም በየመን በኩል በእግራችን የገባን፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለን ሰዎች ነን። የአገሩን ሕግ የምናስከብረው እኛ መሆናችን አወልን ያስቀዋል።

መስከረም 17፣ አርብ

እትዬ ኢታፈራሁ ደወለች። አርብ አርብ፣ አጅባር ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥታ ትደውላለች። አብሮኝ የመጣው የሽፈራው እህት ናት፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት።

«ሀብቴ፣ ወንድሜ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው እትዬ። ያው እርሻው ላይ ነው። ተራራ ስለሆነ ስልክ አይሠራም።»

«ያ ሳሉስ ለቀቀው?»

«ለቀቀው።»

ይህ እንኳን ውሸት አይደለም።

ከዚያ አሠሪው በጣም እንደሚወደው፣ አሁን በሦስት ሠራተኞች ላይ እንደሾመው ነገርኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ አልጠየቀችኝም። ባለፈው ወር መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው ብያት ነበር። በዚህ አካሄድ እስከ ገና ሚኒስትር ይሆናል።

መስከረም 22

በችኮላ። ሙቀቱ አያስተነፍስም። ነጥብ 19፦ የሸክላ ስብርባሪ፣ ጥቁር፣ ጠርዙ ላይ የተጫረ ጌጥ አለው። ዶክተሩ ተንበርክኮ በብሩሽ ጠረገው፤ የሕፃን ፊት የሚያብስ ነው የሚመስለው። «ይህ የዚህ አገር ሥራ አይመስለኝም። ከማዶ፣ ከእናንተ በኩል የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ባሕር መሻገር የጀመራችሁት ዛሬ አይደለም» አለ።

አወል፦ «ያኔስ ማን አስገባቸው?»

ዶክተሩ ሳቀ። አወል ግን የምሩን ነበር።

ስብርባሪው በጥጥ ተጠቀለለ፣ ወረቀት ተጻፈለት፣ ሳጥን ገባ።

መስከረም 29

ወደ ወንዙ ምሥራቃዊ ዳር ተሻገርን። እዚያ ብቻዋን እስከቆመችው ግራር ድረስ ስድስት መስመር ቀርቶናል። የእኔ መስመር በግራሯ ሥር ያልፋል። አወል እንቀያየር አለኝ።

«አንተ እዚያ ባትሄድ ይሻላል።»

ምን ነካው? መሬት መሬት ነው አልኩት። ከዚያ ግን ተቀያየርን። ምሳ አልበላሁም፤ ከሙቀቱ ነው።

ጥቅምት 1፣ አርብ

«ለሽፈራው ሚስት አጭቼለታለሁ» አለች እትዬ ኢታፈራሁ።

መስመሩ የተቋረጠ አስመስዬ «ሄሎ? ሄሎ?» አልኩ። እሷ ግን ጮክ ብላ ቀጠለች።

«አስቴር ትባላለች። አጅባር ከተማ ልብስ ትሰፋለች። ሌላ ጠያቂ መጥቶላት በእኛ ምክንያት መለሱት። ሠርጉን ለጥር አስበናል። አንተ ምከረው፤ አንተን ይሰማል።»

«አሁን አሁንስ የምለውን አይቃወምም» አልኳት።

እምቢ ብሏል ማለት እችል ነበር። ግን ያሳደገችውን እህቱን እምቢ የሚል ሰው አይደለም፤ ስሙን ላጠፋበት አልፈለግሁም። እንግዲህ የምጨነቀው ለስሙ ነው።

ጥቅምት 6

የዓረፋ ማግስት፤ ሥራ የለም። አቡ ዓሪሽ ወጥተን ነበር። ወሬው ሁሉ ስለ ምሕረቱ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው እስከ ጥቅምት 24 ድረስ በፈቃዱ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ኸላስ፣ ቤት ለቤት ይለቀማል ይላሉ። አወል ጂዛን ሄጄ እመዘገባለሁ አለ። እኔን ግን ሥራው ይዞኛል። ዶክተሩ ያለ እኔ ሜትሩን ማን ይይዝለታል?

«ሥራው ነው የያዘህ ወይስ አጅባር?» አለኝ አወል።

እንግዲያው ልጻፈው፤ ካሬ ካሬው ይችለው እንደሆነ።

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ነው። ከሽፈራው ጋር የተዋወቅነው ጅቡቲ፣ ኦቦክ ላይ፣ ጀልባ ስንጠብቅ ነው። ከዚያ እስከዚህ ሃያ ሦስት ቀን። ድንበሩን እንዳለፍን ትኩሳት ጣለው። ከግራሯ ሥር አስተኛሁትና ውሃ ፍለጋ ወደ መንደሩ ሄድኩ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል። ስመለስ አልፏል። አወልን ያገኘሁት መንደሩ ውስጥ ነው፤ መኪና ላይ ሐብሐብ ሲጭን። ለመቅበር አብሮኝ መጣ።

ሬሳው መሀላችን ተኝቶ ተከራከርን። አወል በጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ እኔ በጀርባው ተኝቶ እግሩ ወደ ምሥራቅ ይሁን አልን። በኋላ ስናየው እዚህ አገር መካ በሰሜን በኩል ናትና የሁለታችንም ጉድጓድ የሚቆፈረው በአንድ መስመር ነው። ራሱ በየት በኩል ይሁን የሚለው ብቻ ቀረ፤ አወል ለእኔ ተወልኝ። እሱ ሰገደለት፣ እኔ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ከፈረሰ የድሮ ግድግዳ ድንጋይ አምጥተን ዙሪያውን ደረደርን።

ከስልኩ ላይ የእህቱን ቁጥር አወጣሁ። ልነግራት ነው የደወልኩት። ገና ማንነቴን እንደተናገርኩ «ደህና ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኩ። ይኸው ነው። ሹመቱም መንጃ ፈቃዱም የዚያች ቃል ልጆች ናቸው።

ጥቅምት 12

አወል በግራሯ ሥር አለፈ፤ ባንዲራ አልተከለም። ዶክተሩ ግን ከኋላው ነበር።

የክረምቱ ጎርፍ ደለል አልብሶታል፤ የድንጋዮቹ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ዶክተሩ ሦስት ጊዜ ዞረው። «መቃብር ነው!» አለ። «አሠራሩን ተመልከቱ። ደለሉን እዩት። ከእስልምና በፊት ሊሆን ይችላል!» እጄን ጨበጠኝ። ቀይ ባንዲራ ተተከለ። ነጥብ አርባ ሰባት።

አልተናገርኩም። በጸጥታ አሰብኩበት፤ ያሰብኩትም ብልህነት መሰለኝ። አዲስ መቃብር ነው ብል ፖሊስ ይመጣል። የጥንት ነው ካሉት ግን መንገዱ አይነካውም። ሽፈራው ከዚህ የተሻለ ጠባቂ ከየት ያገኛል? ዕድሜው ላይ ሁለት ሺህ ዓመት ቢጨምሩለት ማን ይጎዳል?

«ነገ ቢቆፍሩትስ?» አለ አወል።

«መቃብር ማን ይቆፍራል?»

«እነሱ ሌላ ምን ሥራ አላቸው?»

ጥቅምት 17

የመንገዱ መሐንዲስ ነቢል ካርታውን ይዞ መጣ። የድልድዩ አንድ እግር የሚያርፈው በትክክል ነጥብ አርባ ሰባት ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ አሸዋ መሀል!

«ለአንድ ክምር ድንጋይ ብዬ ድልድይ አላንቀሳቅስም» አለ። «ጥንታዊ ከሆነ አሳየኝ።»

«አሳይሃለሁ» አለ ዶክተሩ። «እቆፍረዋለሁ። አጥንቱን አውጥቼ፣ መዝግቤ፣ ሙዚየም እልካለሁ። ከዚያ መሬቱ ያንተ ነው።»

ሲጨቃጨቁ የቆዩት ሰዎች ተስማምተው ተጨባበጡ። እኔ ሜትሩን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ብልህነቴ የወለደው ይህን ነው፤ የጥንት ነው ባይባል ኮንክሪት ብቻ ነበር የሚያርፍበት፤ አሁን ግን በሳጥን ሊሄድ ነው።

አርብ ዕለት እትዬ ኢታፈራሁ «ምን አለ?» ብላ ነበር። «እያሰበበት ነው» አልኳት። «ይኸማ እሺ ማለቱ ነው» ብላ እልል አለች፤ ጉብታው ላይ ብቻዋን ቆማ።

ጥቅምት 21

አወል ዛሬ ሄደ። ጂዛን እጁን ይሰጣል፤ ከተመዘገበ አገሩ ሐይቅ ይገባል። ልብሱን በፌስታል አድርጎ ታክሲ እስኪመጣ መንገድ ዳር ተቀመጥን።

«ለዶክተሩ ንገረው።»

«እነግረዋለሁ።»

«ለሴትዮዋም ንገራት። ሁሉንም።»

«ምን የቀረ አለ? ውሃ ፍለጋ ሄድኩ፣ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፣ ስመለስ…»

አወል ቀና ብሎ አየኝ። «ያን ቀን ከእኔ ጋር ስንት መኪና ሐብሐብ ጫንን?»

ታክሲው መጣ አልመጣ ብዬ መንገዱን አየሁ።

«ሦስት» አለ። «እኔ አልፈርድብህም። ባለ ሐብሐቡ ውሃ የሚሰጠው ለጫነ ብቻ ነበር፤ አንተም ታማሚ አለብኝ አላልክም። ሁለት ሰዓት ግን አትበል።»

ታክሲው መጣ። አቅፎኝ ወጣ። ወደ ሥራ ስመለስ ዶክተሩ «ባልደረባህ ሄደ?» አለኝ። ሄደ አልኩት። ሌላ ነገር ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከዚያ የሚቀጥለው መስመር ስንት ሜትር ላይ እንደሚጀምር ጠየቅሁት።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ምሕረቱ ትናንት አለቀ። አቡ ዓሪሽ ፍተሻ ነው። የማውቃቸው ሰዎች ስልክ አይነሳም። ዶክተሩ ከተማ እንዳልገባ ነግሮኝ የተገኙት ዕቃዎች የሚቀመጡበት ኮንቴይነር ውስጥ ቦታ አበጀልኝ። ከነጥብ 19 ሳጥን ጎን ነው ፍራሼ። እሱ ቁጥር አለው፣ እኔ የለኝም፤ ግን አልተጣላንም።

ውጭ መሐንዲሱ ሲናገር ሰማሁት። «ያ ሐበሻ አሁንም እዚህ ነው?»

«የትኛው?» አለ ዶክተሩ።

ለእኔ ሲል ዋሸ። እኔ ደግሞ እየዋሸሁት በቤቱ እተኛለሁ።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ዛሬ ጀመርን። 

በነጥብ አርባ ሰባት ዙሪያ አራት ችካል ተክለን ሲባጎ ወጠርን። ዶክተሩ በደስታ ብዛት ይዘፍናል። ደለሉን ሁለት ስንዝር ያህል አነሳን። ከሥሩ አሸዋው ለስላሳ ሆነ።

«እንግዳ ነው» አለ። «መድረቅ ነበረበት።»

«ጎርፍ ነው» አልኩ።

«ጎርፍማ ከላይ ነው።»

የአፈር መፋቂያውን ተቀበለኝና ራሱ ቀጠለ። ሰማያዊ ክር ወጣ፤ ከዚያ ክሩ ጨርቅ ሆነ። ሽፈራው ሲያገለድማት የነበረችው ሽርጥ ናት፤ በእሷ ነው የገነዝነው።

«ጨርቅ!» አለ ዶክተሩ። «በዚህ እርጥበት ጨርቅ ይህን ያህል ዘመን…» ብሎ ጀምሮ ቆመ። ጨርቁን አየው፤ ቀለሙን አየ፤ የፋብሪካውን ስፌት አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ አሸዋው ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ዕድሜው ስንት ነው?» አለ።

«ሃያ ስምንት» አልኩት።

 መፋቂያውን ወርውሮ እስከ መኪናው ሄደ፤ ተመለሰ።

«ለሪያድ ጽፌያለሁ! ከእስልምና በፊት ነው ብዬ ፎቶ ልኬያለሁ! አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ አጠገቤ ቆመህ!» ጮኸብኝ። «ባልደረባ ብዬሃለሁ እኮ።»

ሁሉንም ነገርኩት። ስሙን፣ ትኩሳቱን፣ እህቱን፣ እጮኛውን ሳይቀር። ለውሃ ሄደህ ስንት ሰዓት ቆየህ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ተንበርክኮ አሸዋውን በእጁ መለሰ። አካፋ አልፈለገም። እየመለሰ የራሱን ነገር ያጉተመትማል፦ «ደለል አታለለኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳን አይታለልም።» ሲጨርስ ድንጋዮቹን በፎቶው መሠረት አንድ በአንድ በቦታቸው አስቀመጥን። ሥራችን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ኖሮት አያውቅም።

ጥቅምት 29፣ አርብ

ከጁምዓ በኋላ ዶክተሩ አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሸይኽ ያሕያ ይባላሉ፤ ግራሯ አጠገብ ያለው መንደር የእሳቸው ነው፣ ፍየሎቻቸውም እዚያ ይሰማራሉ።

«ይህን መቃብር አውቀዋለሁ» አሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ጎርፉ የነቀላቸውን ሁለት ድንጋዮች የመለስኩት እኔ ነኝ። የማን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።»

«የእሱ ወንድም ነው» አለ ዶክተሩ ወደ እኔ እየጠቆመ።

ሽማግሌው ዞረው አዩኝ። «ሙስሊም ነበር?»

ዶክተሩ መሬት መሬት አየ። አንድ ውሸት ብጨምር ከሌሎቹ ጋር አይጣላም ነበር። ምላሴ ግን ደከመው።

«የሰገደለት ሰው ሙስሊም ነው» አልኩ።

«እኔ የጠየቅሁህ ስለሰገደው ነው?»

«አይደለም።»

በበትራቸው አሸዋውን ነካ ነካ አደረጉ። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «የእሱን ነገር አላህ ያውቃል። እኔ የጠበቅሁት ድንጋዩን ነው፤ አሁንም እጠብቃለሁ።»

ስልኬ ስድስት ጊዜ ጠራ። እትዬ ኢታፈራሁ ናት። አላነሳሁም።

ኅዳር 1፣ እሑድ

መሐንዲሱ ሕጉን አልፈራም ነበር፤ ዶክተሩንም፣ ሁለት ሺህ ዓመትንም አልፈራም። ዛሬ ጠዋት ሸይኽ ያሕያ ከነልጆቻቸውና ከነፍየሎቻቸው መጥተው መቃብሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሻይ አፈሉ። መሐንዲስ ነቢልንም ጋበዙት። ሦስተኛውን ስኒ ሲጨርስ የድልድዩ እግር ወደ ሰሜን ሠላሳ አምስት ሜትር ሊሄድ እንደሚችል፣ እንዲያውም አፈሩ እዚያ የተሻለ እንደሆነ አስታወሰ።

ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አምስት። ጥቂት ጨምሬ ሠላሳ ስምንት አደረግሁት።

ኅዳር 4

ዶክተሩ ሪፖርቱን አነበበልኝ። «ነጥብ አርባ ሰባት፦ ጥንታዊ አይደለም። የአንድ ሰው መቃብር። እንዳይነካ የመንደሩ ነዋሪዎች ጠይቀዋል።»

«ስሙም ይግባ» አልኩት።

«የባለሙያ ሪፖርት ላይ እንዲህ አይጻፍም።»

«ይታወቃል እኮ። የማይታወቅ አታስመስለው።»

ትንሽ አሰበና ጻፈ፦ ሽፈራው፣ ከኢትዮጵያ፣ አጅባር። ስህተቱን ለሪያድ ራሱ አምኖ ጽፏል፤ ምን እንደሚሉት አያውቅም።

ነገ ጂዛን ሄጄ እጄን እሰጣለሁ። በስልክ መርዶ አይነገርም፤ እዚህ ተቀምጬ ደግሞ የምላት ሌላ ነገር አልቆብኛል። ዶክተሩ ራሱ በመኪናው ሊያደርሰኝ ነው። «ደፋር ነህ» አለኝ። ደፋር ብሆን ኖሮ በታኅሣሥ ነበር።

ኅዳር 19፣ ጂዛን፣ ማቆያው ውስጥ

ሰው በሰው ላይ ነው። ሙቀት፣ የሕፃን ለቅሶ ከሴቶቹ በኩል። አንድ መዝጋቢ ሙያዬን ጠየቀኝ። «አርኪዮሎጂ» አልኩ። የቀን ሠራተኛ ብሎ ጻፈ፤ ሁለታችንም ትክክል ነን።

የሽፈራውን ነገር ለአጠገቤ ሰው አጫወትኩት። ወሬው ተዳረሰ። ዛሬ አንድ የወረባቦ ሰው መጥቶ «የአክስቴ ልጅ ከድንበሩ ወዲህ ነው የቀረ፤ የሞቱትን የሚጽፈው ሰው አንተ ነህ?» አለኝ። አይደለሁም ልለው አልቻልኩም። ከእሱ በኋላ ሌላ መጣ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፤ ስም፣ አገር፣ የቀረበት ቦታ፣ የሚያስታውሱትን ምልክት ያስጽፋሉ። «ከጉድጓድ ውሃው በላይ፣ ሦስት ዛፍ ያለበት።» «መንገዱ ሲታጠፍ፣ ቀይ አፈር ላይ።» እስካሁን አሥራ ሰባት። ይህ ሁሉ ባንዲራ ያልተተከለለት ነው።

ታኅሣሥ 2

ስማችን ተጠራ። ነገ እንበራለን አሉ።

ታኅሣሥ 9፣ አጅባር

ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ረስቼው ነበር።

አወል ስልኬን ሰምቶ ከሐይቅ መጣ። ሦስት ሽማግሌዎች ለምነን ገና ጎህ ሲቀድ እትዬ ኢታፈራሁ በር ላይ ቆምን። ከመግባታችን በፊት አወልን «የመኪናውን ነገር አንተ ብትነግራት» አልኩት።

«ሦስቱንም አንተው አውርድ» አለኝ።

በሩን ስትከፍት የሽማግሌዎቹን ነጠላ አየች፤ መርዶ ነጋሪ እንዴት እንደሚያጣፋ ሁሉም ያውቃል። አልጮኸችም። ከኋላ የቆምነውን ሁለታችንን አየችና «ማነው ሀብቴ?» አለች። በስልክ ብቻ ነበር የምታውቀኝ።

ለቅሶው ቤቱን ሞላው። ከሰዓት በኋላ ሰው ጋብ ሲል ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«መቼ ነው?»

«ዓምና በታኅሣሥ።»

«ዓመቱን ሙሉ…»

«አዎ እትዬ።»

«ብቻውን ነበር?»

እዚህ ላይ ነው። «ብቻውን ነበር። ውሃ ፍለጋ ብዬ ጠዋት ሄድኩ። ጭነህ ውሃ ውሰድ አሉኝ። አንድ መኪና ብዬ ጀመርኩ፤ ሦስት ሆነ። ታማሚ አለብኝ ብል የሚያባርሩኝ መሰለኝ። የተመለስኩት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።»

ልትመታኝ መስሎኝ ራሴን አዘጋጀሁ፤ እንዲያውም ፈልጌው ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ቆይታ ከነጠላው ሥር እንዲህ አለች፦

«መንጃ ፈቃድ አወጣ ስትለኝ ለሰፈሩ ሁሉ ነበር የነገርኩት።»

ከዱላ ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ታኅሣሥ 11፣ አርብ

ሠልስቱ አለፈ። ልሰናበታት ስገባ «የት ነው?» አለች።

«ወደ አገሬ፣ ደላንታ።»

«አስቴርስ? ልጅቷ ከሰው ሰምታ ቤቷ ተቀምጣለች። ውሸቱን አሳምረህ የነገርክ እውነቱን ለመንገር እግርህ አነሰ?»

ይዛኝ ሄደች። እሷ ከልጅቷ እናት ጋር ደጅ ቀረች፤ እኔን ወደ ውስጥ ገፋችኝ።

አስቴር የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ልልበስ አልልበስ ብላ የተቸገረች ይመስለኛል። ያላገባችው፣ ያላየችው ሰው ነው። በምን ስም ታልቅስ?

ይቅርታ አልኳት። ይቅርታዬ ረጅም ነበር፤ መንገድ ላይ አሰናድቼዋለሁ። እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ደግ ነው፣ ሥራው ላይ ጎበዝ ነው፣ ሦስት ሰው ያዛል ብለው ነበር የነገሩኝ። እሱ ሁሉ ያንተ ነው አይደል?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው የእሱ የሆነ አንድ ነገር ንገረኝ። እውነት የሆነ።»

ተቀመጥኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ሕይወት ሳበጅለት ቆይቼ፣ የማውቀው ሃያ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ከዚያም አብዛኛው መራመድ ነው። ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ።

«ጀልባው ላይ» አልኳት፣ «ማዕበል ሲነሳ እጄን ያዘኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቀኝም፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። ጠዋት የብስ ስንወርድ ለሰዉ ሁሉ ‹ይህ የደላንታ ሰው ባሕር ይፈራል፤ እጁን ይዤ ነው ያሻገርኩት› ብሎ አወራብኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም። አመሰገንኩት።»

አስቴር ሳቀች። ሳታስበው ነው ያመለጣት፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ሳቁ ግን በጣቶቿ መሀል ወጣ። ደጅ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። እትዬ ኢታፈራሁ በሩን ከፍታ ቆመች፤ በለቅሶ ሳምንት የሚስቀውን ሰው ልትገሥጽ ነው የመጣችው።

«ምን አላችሁ?»

«ስለ ሽፈራው ነው» አለች አስቴር፣ ዓይኗን እየጠረገች።

እትዬ ኢታፈራሁ ወደ ውስጥ ገባች። ከአስቴር ጎን ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«እንደገና ጀምረው» አለችኝ። «አትጨምርበት።»